በእንቅልፍ ልቡ የሚሠራ አምፕሊፋየር፦ የዶክተር ወርቂቱ ባፈና ሕይወት (1966–2018 ዓ.ም.)

ዶክተር ወርቂቱ ባፈና ከአባታቸው ከወንጌላዊ ባፈና ዳልጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሪቱ ጩማ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ሴቻ ሰፈር ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ፣ በሕይወት ከቆየነው ግን የመጀመሪያዋ ነበሩ። እናታችን ስትናገር፣ በተወለዱበት ሳምንት ጉም ከጋሞ ተራሮች ወርዶ ሁለቱንም ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ ስለሸፈናቸው፣ ከሴቻ ቁልቁል ሲያዩት ምድሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር ትላለች። እህታችን ይህን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። "እኔ አላስታውስም፤ ግን ጉሙን የማውቀው ይመስለኛል" ይሉ ነበር።

ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ኦይታ ባፈና ነኝ። አፌን ከፈታሁበት ቀን ጀምሮ "አንቺ" ስላት የኖርኩትን እህቴን ዛሬ በአንቱታ መጥራት ምላሴን ይይዘዋል። ነገር ግን ሥርዓቱ ነው። ደግሞም ይገባቸዋል።

አባታችን በሥራ ቀን በመንግሥት እርሻ ጥጥ ይመዝኑ ነበር። እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ወንጌል ይሰብኩ፣ የድምፅ ማጉያውንም ይጠብቁ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጋ፣ አባታችን አረንጓዴውን የብረት ሣጥን፣ አምፕሊፋየሩን፣ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ቤት አመጡትና ከበቆሎ ጎተራው ጀርባ ደበቁት። ያን ጊዜ እህታችን የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታችን ሁለታችንንም ጠርተው፣ "የዚህ ነገር ድምፅ ከዚህ ቤት ከወጣ እኔ እታሰራለሁ" አሉን።

እኔ ወደዚያ ጥግ ድርሽ አላልኩም። እርሳቸው ግን የሣጥኑን ክዳን ፈቱ። ትልቁን የድምፅ ቀንድ ነቅለው በቦታው ከተበላሸ ሬዲዮ ያወጡትን የጆሮ ማዳመጫ አሰሩበትና፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ከጎተራው ጀርባ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ማይክሮፎን አልነበረውም፤ የሚናገርበትም ሰው አልነበረም።

"ምን ትሰሚያለሽ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ማንም ሳይናገር የሚሰማውን" አሉኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ የሚሰማው ነገር በሙያው ቋንቋ "ኖይዝ" ይባላል። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከራሱ የሚያወጣው ሽውታ ነው። እህታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ያንን ሽውታ ጸጥ በማሰኘት ነው።

ትምህርታቸውን በአርባ ምንጭ ከመጀመሪያ እስከ ሁለተኛ ደረጃ በማዕረግ አጠናቀቁ። በ1983 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ሲከፈት አረንጓዴውን ሣጥን ተሸክመው የመለሱት፣ ሽቦውንም ያገናኙት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ወርቂቱ ነበሩ። ሰባት ዓመት አፉን ዘግቶ የኖረ ሕዝብ እየዘመረ ሲያለቅስ፣ እርሳቸው ቁጭ ብለው ድምፁን ይቀንሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ "ጨምሪ! ጨምሪ!" ሲሏቸው፣ "ሲጨመር ዝማሬው ይጠፋና ጩኸቱ ይቀራል" ብለው እምቢ አሉ። በዚያ እሑድ እንኳ አሸነፉ።

በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ገብተው በ1989 ዓ.ም. በኤሌክትሪካል ምህንድስና በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። ለስምንት ዓመታት በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት በደቡብ ከተሞች የረጅም ርቀት የስልክ መስመሮችን ሲጠግኑ ቆዩ። በ1992 ዓ.ም. በጫሞ ዳርቻ የጀልባ ሞተር ከሚጠግኑት ከአቶ ዘመድኩን ኦርካ ጋር ተጋቡ። ሲሳይ በ1994፣ ቤቲ በ1997 ዓ.ም. ተወለዱላቸው። አቶ ዘመድኩን ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ በጣም ተስማምተው ኖሩ። በአንድ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ዝምታ እኔ አላየሁም።

በ1997 ዓ.ም. በከተማችን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተቀጠሩ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሹን ጊዜ በቤልጅየም፣ ግማሹን ጊዜ እዚህ እየተመላለሱ ትምህርታቸውን ቀጠሉና በ2006 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ጥናታቸው የልብ ትርታ ስለሚያነቡ አምፕሊፋየሮች ነበር።

ከልብ ወደ ስኳር ያዞራቸው የእኔ ቤት ነገር ነው። በዚያው በ2006 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጄ ዕድላዊት ውሃ መጠጣት አበዛች፤ ከሳች። አንድ ቀን ሲቀላ መነኸሪያ አውቶቡስ ስንጠብቅ እጄ ላይ ተዝለፈለፈች። ሆስፒታል ስንደርስ የስኳር ሕመም እንዳለባት ነገሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መጠኑን ለማወቅም በቀን አራት አምስት ጊዜ ጣቷን ወግታ ደሟን ትለካለች። አክስቷ ሊጠይቋት ሲመጡ ልጅቷ ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ "አክስቴ፣ አሥር ብቻ ናቸው እኮ። ሲያልቁስ?" አለቻቸው።

እህታችን ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳሙ። በሳምንቱ የልብ ትርታውን ሥራ ለተማሪዎቻቸው አስረከቡ።

ጣት ሳይወጋ ስኳርን ለመለካት የጀመሩትን ሥራ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ መሣሪያ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ጫፉ ላይ ስኳር ሲነካው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቅመም አለ። የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ግን የአንድ አምፒር ቢሊዮንኛ እጅ ነው፤ ከመኖር አለመኖር ይቀርባል። ይህን አጉልቶ ቁጥር የሚያደርገው አምፕሊፋየር ነው። ባትሪውን ለመቀየር ሰውን ደጋግሞ መቅደድ ስለማይቻል፣ አምፕሊፋየሩ ኃይል መፍጀት የለበትም። ሥጋንም ማሞቅ የለበትም። አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል የሚፈጀው ኃይል ለብዙ መቶ ሺህ የእህታችን አምፕሊፋየሮች ይበቃ ነበር።

እንዴት ይሆናል ብለው ለጠየቋቸው ተማሪዎች የአምፕሊፋየሩን ዋና ክፍል፣ ትራንዚስተሩን፣ እንደ ሰው ነበር የሚገልጹላቸው። "ሙሉ በሙሉ አትቀስቅሱት። ሙሉ በሙሉም አይተኛ። በእንቅልፍ ልቡ ይሥራ" ይሉ ነበር። እርሳቸውም በዚያ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ የሚኖሩ ይመስሉ ነበር። ባጃጅ ላይ ተሳፍረው መውረጃቸውን ያልፋሉ። እያናገርናቸው ዓይናቸው የሆነ ቦታ ይሄድና ቆይቶ ይመለሳል፤ ሲመለስም መልስ ይዞ ነው። ከተማው መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር እርሳቸው ደስ ይላቸው ነበር። በየግድግዳው ያለው የኤሌክትሪክ እምምታ ሲቆም፣ በባትሪ ብቻ እየሠሩ ያቺን ትንሽ ምልክት ጥርት አድርገው ማየት የሚችሉት ያን ጊዜ ነበርና። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሲጠፋ ተማሪዎቻቸው እስከ ቤታቸው እየሮጡ ይጠሯቸው እንደነበር ነግረውኛል። ከሩጫው በኋላ ግን በክፍሉ ውስጥ ማንም አይናገርም፤ ሁሉም በስክሪኑ ላይ እንደ ጠዋት ጢስ ቀስ እያለ የሚወጣውን ቀጭን መስመር ያያሉ።

አሁን የምተርከውን ልዘለው ፈልጌ ነበር። እህታችን ግን ከመሞታቸው በፊት፣ "የሞተችውን ፍየል እንዳትተዋት" ብለው አዘውኛል።

በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ንድፋቸው ውጭ ሀገር ተሠርቶ ቺፑ መጣ። ከእንስሳት ሐኪሙ ከዶክተር ሀብተጊዮርጊስ ጋር ሆነው በአንዲት ነጭ ፍየል አንገት ሥር ቀበሩት። መሣሪያው በየአሥር ደቂቃው የፍየሏን የስኳር መጠን ይልክ ጀመር። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነበር። ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ በየሳምንቱ ከሚቀዱት ደም ጋርም ተስማማ። ጥናታቸው በአንድ ዓለም አቀፍ መጽሔት ሊታተም ተቀባይነት አገኘ። አንድ የውጭ ኩባንያም በሰው ላይ ለመሞከር ጠየቃቸው። ዕድላዊት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ እንደምትሆን በቤታችን ሁሉም ያውቅ ነበር። እርሷም ትምህርት ቤት ለጓደኞቿ ተናግራለች።

መጋቢት 14 ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ ፍየሏ ሆዷ ተነፍቶ ሞተች። አሟሟቷ ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ ስልክ ደወሉ።

"ዶክተር፣ ፍየሏ ትናንት ሞታለች" አሏቸው። ቀጥለውም፣ "መሣሪያዎ ግን ደኅና ናት ይላል" አሉ።

እህታችን ሄደው ከሬሳው አጠገብ ተቀመጡ። መሣሪያው እሑድም ደኅና ናት አለ። ሰኞም አለ። ከሞተች ሦስት ቀን ለሆናት ፍየል ያንኑ የሚያምር ቀጥ ያለ ቁጥር ይልክ ነበር። ሲከፍቱት ምክንያቱ ታወቀ። የሰውነት እርጥበት በሽፋኑ ሥር ሰርጎ፣ ከባትሪው እግር ምልክቱን ወደሚቀበለው ወደ አምፕሊፋየሩ ጆሮ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሾልክ ነበር። የሾለከው ከስኳሩ ምልክት ጋር ተቀራራቢ ነበር። የፍየል የደም ስኳር ደግሞ እንደ ሰው ብዙ ስለማይዋዥቅ፣ ስሕተቱ ሳይታወቅ ቆየ።

በዚያው ሳምንት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው፣ "ስንሰማ የከረምነው ፍየሏን አይደለም። አምፕሊፋየሬ ራሱን ሲያዳምጥ ነበር" አሉ። በግንቦት ወር ጥናቱ እንዳይታተም የሚጠይቅ አራት መስመር ደብዳቤ ጽፈው ከመጽሔቱ አወጡት። ኩባንያውም አመስግኖ ሄደ።

እኔ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጮኽኩባቸው። "ስሕተቱን ዝም ብለሽ ማስተካከል አትችይም ነበር? ለምን ለዓለም ታወሪያለሽ? ልጄ እየጠበቀች እኮ ነው!"

እርሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ኦይታ፣ ልጅህ እጅህ ላይ ስትዝለፈለፍ፣ ይሄ መሣሪያ ደኅና ናት ቢልህስ?" አሉኝ።

ይበልጥ ተናደድኩ። በሩን ገጭ አድርጌ ወጣሁ። አሥራ አራት ወር አላነጋገርኳቸውም። የአንድ እናት ልጆች፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ በግራ እርሳቸው በቀኝ ወንበር ተቀምጠን አሥራ አራት ወር። ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሆኗልና ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዕድላዊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ተደብቃ አክስቷ ዘንድ ትሄድ እንደነበር ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በእነዚያ ወራት የሆነውን አቶ ዘመድኩን ነግረውኛል። እህታችን ምግብ እየተዉ፣ ሲጠሯቸውም እየዘገዩ መጡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ዘመድኩን በጀልባቸው አሳፍረው ጫሞ ላይ ወሰዷቸው። መሀል ላይ ሞተሩን አጠፉ። ነፋስ አልነበረም። ውሃው ሰማዩን ይዞ ዝም ብሏል። ከሰሜን በኩል ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ኮረብታ ይታያል።

"አባያ ከጫሞ ከፍ ይላል አይደል?" ብለው ጠየቋቸው።

"ከፍ ይላል። ድሮ ሲሞላ ወደዚህ ይፈስ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች።"

"እኩል ቢሆኑስ?"

አቶ ዘመድኩን ትከሻቸውን ሰበቁ። "እኩል ከሆኑማ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ዝም ብለው ይተያያሉ እንጂ።"

ጀልባዋ በራሷ ቀስ እያለች ዞረች። ከዚያ እህታችን፣ "ዘመድ፣ ወደ ዳር መልሰኝ" አሉ።

በአምፕሊፋየሩ ጆሮ ዙሪያ ቀለበት አደረጉ። ቀለበቱ ከጆሮው ጋር ሁልጊዜ እኩል የኤሌክትሪክ ከፍታ፣ ማለትም ቮልቴጅ፣ ይይዛል። እርጥበት ቢገባ እንኳ፣ በእኩል ከፍታ መካከል የሚሾልክ ነገር የለም። የቀለበቱ ዘዴ ከእርሳቸው በፊት በሌሎች መሐንዲሶች የሚታወቅ እንደነበር ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ እኔም በታማኝነት እደግመዋለሁ። የእርሳቸው ድካም፣ ቀለበቱ ከዚያች ጥቂት ባትሪ ምንም ያህል ሳይወስድ በእንቅልፍ ልቡ እንዲሠራ ማድረጉ ላይ ነበር።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ስልኬ ጠራ። "ኦይታ፣ ቅዳሜ ና። ልጅቷንም ከነመለኪያዋ ይዘሃት ና" አሉኝ። አሥራ አራት ወር ያልተነጋገርን አይመስልም ነበር። "እንድታምነኝ አይደለም። እንድትጠራጠርልኝ ነው።"

ሄድን። ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ አንዲት ቀይ ፍየል በሽፈራው ዛፍ ሥር አስረዋል። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጧት። ሁላችንም ስክሪኑን ከበብን። ቁጥሩ ለትንሽ ጊዜ ባለበት ቆየ። ከዚያ መስመሩ ቀና አለ። ወጣ። ወጣ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ዕድላዊት የፍየሏን ጆሮ በራሷ መርፌ ነካ አድርጋ፣ በራሷ መለኪያ ለካችና ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች። ተቀራረበ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማ ለካች፤ መስመሩም፣ መለኪያውም አብረው ይወርዱ ነበር።

"አሁንስ በሕይወት እንዳለች ያውቃል" አሉ ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ።

እህታችን አልሳቁም፣ አላለቀሱም። ዛፉ ሥር ጋደም አሉና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። በቀን፣ በሰው ፊት፣ ፍየሏ አጠገባቸው ሣር እየነጨች። ማንም ሊቀሰቅሳቸው አልደፈረም። እኔ ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳቸው። ስለ ጠባችን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላወራንም።

ንድፉን የግላቸው አላደረጉትም። በ2013 ዓ.ም. ማንም እንዲወስደው አድርገው ከነስሕተቱ ታሪክ፣ ከነሞተችው ፍየል መረጃ አሳተሙት። ዛሬ በሁለት ሀገራት ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ አምፕሊፋየር በራሳቸው መሣሪያ ውስጥ እየሞከሩት ነው። ወደ ሰው ገና አልደረሰም። እህታችን ያን ቀን አላዩም፤ እንደሚያዩም ተናግረው አያውቁም። ያስተማሯቸውን ከአርባ በላይ መሐንዲሶች ግን አይተዋል። ብዙዎቻችሁ ዛሬ እዚህ ተገኝታችኋል። ዘወትር ከእርሳቸው ትሰሙት የነበረውን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ "ውጤታችሁ ሲያምርባችሁ ፍየሏን ሄዳችሁ እዩ።"

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሐዋሳና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቤታቸው ተኙ። ሕመማቸውን በትዕግሥት ቻሉት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንቅልፋቸውና ንቃታቸው መለየቱ እየቀረ ሄደ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይመልሱልን ነበር፤ ዓይናቸውን ገልጠው ሩቅ ይሄዱ ነበር። እናታችን በጋሞኛ ትዘምርላቸዋለች፤ አንዳንድ ጊዜ ከመሀል ተቀብለው አንድ ስንኝ ይዘምራሉ፣ ከዚያ ይተዉታል።

ዕድላዊት አሁን የሕግ ተማሪ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ወስዳ መጥታ አልጋቸው አጠገብ ትተኛ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣቷን ወግታ ስትለካ፣ "ስንት ነው?" ይሏታል። ትነግራቸዋለች። ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጠዋት፣ መጠየቅ አልቻሉም። በዓይናቸው ብቻ ጣቷን አዩ።

"መቶ አሥራ ሁለት፣ አክስቴ" አለቻቸው። "ደኅና ነኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው ዐረፉ።

ዶክተር ወርቂቱ ባፈና ከአቶ ዘመድኩን ኦርካ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ልጆቻቸውን ሲሳይ ዘመድኩንን እና ቤቲ ዘመድኩንን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ዘሪቱ ጩማን፣ ወንድማቸውን ኦይታን፣ የወንድማቸውን ልጅ ዕድላዊትን፣ በጨንቻና በዶርዜ የሚገኙ ብዙ ዘመዶቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችሁን የሰፈራችን እድርተኞች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን፣ እንዲሁም ለዶክተር ሀብተጊዮርጊስ ቤተሰቡ በእግዚአብሔር ስም ምስጋናውን ያቀርባል።

የማይሰማውን የሚሰማ፣ ዝም ያለውንም የሚያውቅ ጌታ፣ እህታችንን ወርቂቱን በዕረፍቱ ይቀበላት። እናታችንን ያጽና። ዛሬ ጠዋትም ጣቷን ወግታ ለክታ ወደዚህ ለመጣችው ልጅ፣ እንደ እርሷም ላሉት ሁሉ፣ ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።

ይቅር በሉኝ፤ መጨረሻው ላይ "አንቺ" ወደምላት እህቴ ተመለስኩ።